እገዳው ያልደረሰበት ግድግዳ

ሠራተኞቹ ሁለት ናቸው። ከራስ እስከ እግር ነጭ የሚጣል ቱታ ለብሰዋል፤ አፍና አፍንጫቸው ባለ ማጣሪያ ጭንብል ውስጥ ነው። ስካፎልዲንጉ ላይ ቆመው በሁለት የኮንክሪት ገበታዎች መካከል ያለውን መስመር በኤሌክትሪክ በሚንቀጠቀጥ ስለት ይቆርጣሉ። ጠቆር ያለ፣ ጎማ የመሰለ ነገር እየተላቀቀ ይወጣል። ከስለቱ ጎን የታሰረው የአቧራ መምጠጫ ቱቦ ያለማቋረጥ ይጮሃል። ከሥር የልጆች መጫወቻ አሸዋ በወፍራም ላስቲክ ተሸፍኗል፤ የአንደኛ ፎቅ መስኮቶች በቴፕ ታሽገዋል። የወጣው ቁራጭ ወደ ሌላ የግንባታ ፍርስራሽ አይጣልም። ለብቻው ከረጢት ይገባል፣ ይታሰራል፣ «አደገኛ ቆሻሻ» የሚል ጽሑፍ ይለጠፍበታል።

ቦታው በሰሜን ምዕራብ ስቶክሆልም የሚገኘው ሪንከቢ ነው። ጊዜው የስዊድን ሕግ ለዚህ ሥራ ያስቀመጠው የመጨረሻ ቀን የተቃረበበት በጋ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ተቆርጦ የሚወጣው ነገር የተሠራው ለቀላል ችግር ነው። ተገጣጣሚ ሕንፃ በፋብሪካ ተሠርተው በክሬን ከሚሰቀሉ የኮንክሪት ገበታዎች ይቆማል። ኮንክሪት በሙቀት ይለጠጣል፣ በብርድ ይኮማተራል። ስለዚህ በገበታና በገበታ መካከል ክፍተት ይተዋል፤ ክፍተቱ ደግሞ ዝናብና ነፋስ እንዳያስገባ መታሸግ አለበት። በሲሚንቶ ቢታሸግ ይሰነጠቃል። አብሮ የሚሳሳብ፣ አብሮ የሚጨመቅ ነገር ያስፈልጋል። ዛሬ የቤት ሠሪዎቻችን ለዚህ ሥራ ሲሊኮን ይጠቀማሉ። በ1950ዎቹና 60ዎቹ ግን ሰሜን አውሮፓ የተጠቀመው ፖሊሰልፋይድ የተባለውን የጎማ ዓይነት ነበር። ይህ ጎማ እንዳይደርቅና እንዳይሰነጠቅ የሚያለሰልስ ዘይት ይጨመርበት ነበር። ዘይቱ ፒሲቢ ነው። ከማሸጊያው ክብደት ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው እሱ ነበር። በሌላ አነጋገር፣ ከአንድ ሕንፃ ላይ አንድ መቶ ኪሎ ማሸጊያ ቢወርድ እስከ ሠላሳ ኪሎ የሚደርሰው ንጹሕ መርዝ ሊሆን ይችላል።

ፒሲቢ በተፈጥሮ የለም፤ ሰው የፈጠረው ነው። በክሎሪን አቶሞቹ ብዛትና አቀማመጥ የሚለያዩ 209 ወንድማማች ውህዶች አሉት። በንግድ ደረጃ መመረት የጀመረው በ1929 በአሜሪካ አላባማ ግዛት፣ አኒስተን በምትባል ከተማ ነበር። ፋብሪካውን በ1935 የገዛው ሞንሳንቶ የተባለው የኬሚካል ድርጅት ነው። ኋላ ጀርመን «ክሎፌን»፣ ጃፓን «ካኔክሎር»፣ ሶቪየት ኅብረት «ሶቮል» እያሉ የየራሳቸውን አመረቱ። ተመራማሪዎች በዓለም ላይ የተመረተውን ጠቅላላ መጠን 1.3 ሚሊዮን ቶን ገደማ ይገምቱታል። ኢንዱስትሪው የወደደው በቀላሉ ስለማይቃጠል፣ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ፣ አሲድም ሆነ ጊዜ ስለማይበግረው ነው። የከተማ ኃይል የሚሸከም ትራንስፎርመር ውስጥ እሳት የማይነሣ ዘይት ማግኘት ያኔ ትልቅ ነገር ነበር። ያ ሁሉ ምስጋና ግን ከትራንስፎርመሩ ውጪ፣ አፈር ውስጥ ወይም በሰው ስብ ውስጥ ሲሆን ትርጉሙ ይገለበጣል። የማይበሰብስ ነገር እዚያም አይበሰብስም።

ይህን ያወቀው ሰው እየፈለገው አልነበረም። ሶሬን የንሰን የተባለ ስዊድናዊ ኬሚስት በ1964 በስቶክሆልም ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው በዲዲቲ ላይ ነው፤ ፀረ ተባዩ በዓሣና በአእዋፍ አካል ውስጥ ምን ያህል እንደተከማቸ ሊለካ። መሣሪያው ዲዲቲውን አሳየው። ከዲዲቲው ጎን ግን ስማቸው የማይታወቅ ሌሎች ምልክቶች አብረው ብቅ ይሉ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን «የመሣሪያው ስሕተት» ብሎ ያልፈው ይሆናል። የንሰን ሁለት ዓመት ያህል ተከታተለው። በሙዚየም የተቀመጡ የንስር ላባዎችን ሲመረምር ያው ምልክት ከ1940ዎቹ መጀመሪያ ላባዎች ላይ ተገኘ። ያ ዘመን የክሎሪን ፀረ ተባዮች በስዊድን ገና ያልተስፋፉበት ነው፤ ስለዚህ ምንጩ እርሻ ሊሆን አይችልም። በመጨረሻ ፒሲቢ መሆኑን ለየ። ሞቶ በተገኘ ነጭ ጅራት ንስር፣ ከመላ አገሪቱ በተሰበሰበ ፓይክ የተባለ ዓሣ፣ ከዚያም በራሱ ቤተሰብ ፀጉር ላይ አገኘው። ገና ወራት ያስቆጠረች ሴት ልጁም ፀጉር ላይ ነበረ። ሕፃኗ ከእናቷ ጡት በቀር ምን ቀምሳ! ውጤቱ በ1966 መጨረሻ ይፋ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያለው ለመንግሥታት ፈጣን ሊባል ይችላል። በ1968 ምዕራብ ጃፓን ውስጥ ፒሲቢ የገባበት የሩዝ ዘይት በልተው ብዙ ሰዎች ታመሙ፤ «ዩሾ» የተባለው በሽታ ነው። ከታመሙት እናቶች ቆዳቸው የጠቆረ ሕፃናት ተወለዱ። ስዊድን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፒሲቢን ለማሸጊያ፣ ለቀለምና ለመሳሰለው ክፍት አጠቃቀም ከለከለች። ሞንሳንቶ በ1977 ማምረት አቆመ፤ አሜሪካ በ1979 ምርቱን በሕግ አገደች። ጋዜጦች ዘገቡ፣ ሰው ተነፈሰ፣ ጉዳዩ ተዘጋ ተባለ።

እንደ እኔ አመለካከት ትልቁ ጥፋት የተሠራው እዚህ ላይ ነው። የታገደው ማምረቱና መሸጡ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ የተሸጠው ሁሉ ከተማው ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ፣ እንደነበረ ቀርቷል። ትራንስፎርመር ቢያንስ ሊቆጠር ይችላል። ባለቤት አለው፣ ተከታታይ ቁጥር አለው፣ ዘይቱ ምን እንደሆነ የሚናገር የብረት ሰሌዳ ተለጥፎበታል። ሕግ አውጪ የሚወደው እንዲህ ያለውን ነገር ነው። በሁለት ገበታዎች መካከል የተሞላ ማሸጊያ ግን ሰሌዳ የለውም። የሞላው ሠራተኛ በርሜሉ ላይ ያለውን የንግድ ስም እንጂ ውስጡ ያለውን አያውቅም ነበር፤ ተቋራጩ ከሞተ፣ ድርጅቱ ከተዘጋ ደግሞ የሚጠየቅ የለም። ልዩነቱ በዓለም አቀፉ ሕግ ላይ ሳይቀር ይታያል። በ2001 የተፈረመውና በ2004 የጸናው የስቶክሆልም ስምምነት ፒሲቢ ያለባቸው መሣሪያዎች እስከ 2025 ከአገልግሎት እንዲወጡ፣ ቆሻሻውም እስከ 2028 በአግባቡ እንዲወገድ ቀን ቆርጧል። ስለ ደረቀ ማሸጊያና ስለ ቀለም ሲሆን ግን አገሮች ለይተው ለማወቅ «እንዲጥሩ» ይጠይቃል። ለአንዱ ቀን ተቆረጠለት፣ ለሌላው ጥረት ተመኙለት።

ስለዚህ ግድግዳዎቹ ለሃያ ዓመት ያህል ተረሱ። ስዊድን ውስጥ እንደገና የታወሱት በ1990ዎቹ ነው፤ አንዳንድ አፓርታማዎች ውስጥ የተለካው አየር ሊሆን ከሚገባው በላይ ፒሲቢ ሲገኝበት። ሌሎችም መፈለግ ጀመሩ። ስዊዘርላንድ ውስጥ ከኮንክሪት ሕንፃዎች ከተወሰዱ ከ1300 በላይ የማሸጊያ ናሙናዎች ግማሽ ያህሉ ፒሲቢ እንዳለባቸው የሚያሳይ ጥናት በ2005 ታተመ። ካናዳ ቶሮንቶ ውስጥ በሕንፃ ማሸጊያዎች ብቻ 13 ቶን ያህል እንዳለ ተገመተ። ኖርዌይ ደግሞ የራሷ ጣጣ ነበራት፤ «ቦርቪቤት» የተባለ ፒሲቢ ያለበት ቅመም በውጪ ልስን ውስጥ ይደባለቅ ስለነበር በርገን ከተማ ግድግዳዋን ራሱን ነው የመረመረችው። ዝናብ ከልስኑና ከቀለሙ ላይ ያጠበው ከመንገድ ጥግ ደለል፣ ከዚያም ከወደቡ ግርጌ ተገኘ። ኒውዮርክ በ2011 ከ700 በላይ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ውስጥ ያሉትን አሮጌ የፍሎረሰንት መብራቶች ለመቀየር ወሰነች። በመብራቶቹ ውስጥ የነበሩት አሮጌ ክፍሎች ፒሲቢ የያዙና አልፎ አልፎም ከተማሪው ራስ በላይ የሚያንጠባጥቡ ነበሩ።

ነገሩ ከማሸጊያው እንዴት ይወጣል? ለዓመታት ቅቤ የተቀመጠበትን የሸክላ ዕቃ የሚያውቅ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል። ቅቤው ቢወጣ፣ ዕቃው ቢታጠብ፣ ሸክላው ጠጥቶታል። ኮንክሪትም እንዲሁ ቀዳዳ የበዛበት ነው፤ ፒሲቢው ከጎማው እየሰረገ በሁለቱም ወገን ወደ ገበታው ጠርዝ ይገባል። አሮጌው ማሸጊያ ወጥቶ አዲስ ሲገባ ከኮንክሪቱ ተመልሶ ወደ አዲሱ ይሰርጋል። ለዚህ ነው ሠራተኞቹ ከስለቱ ቀጥሎ የገበታውን ጠርዝ በግራይንደር የሚያነሡት። እዚህ ላይ ጥንቃቄው ካልጠበቀ ሥራው ራሱ ከበሽታው ይብሳል፤ ለአምሳ ዓመት ተጣብቆ የኖረው መርዝ በአንድ ከሰዓት አቧራ ሆኖ ግቢው ላይ ይበተናል።

ሰው ባይነካውም ቀስ ብሎ ይወጣል። ፀሐይ የሚመታው ወገን የበለጠ ይተናል፤ ክፍል ሲሞቅ በአየር ውስጥ ያለው መጠን ይጨምራል። የሚረግፈው ብናኝ ከግድግዳው ሥር ያለው አፈር ላይ ያርፋል። ጎረቤት ፊንላንድ ውስጥ በተደረገ ጥናት ከእንዲህ ያሉ ሕንፃዎች አጠገብ ያለው አፈር ተበክሎ ተገኝቷል። ከግድግዳ ሥር አፈር የሚጫወት ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። የቀረውን ዝናብ ወደ ቦይ፣ ቦዩም ወደ ውኃ ይወስደዋል። ከስቶክሆልም መሀል ውኃ ሥር ያለው ደለል ከከተማዋ ርቆ ካለው የበለጠ ፒሲቢ አለበት። ከደለል ወደ ትንንሽ ፍጥረታት፣ ከእነሱ ወደ ዓሣ፣ ከዓሣ ወደ ንስርና አቆስጣ፤ በየደረጃው በስብ ውስጥ እየተጠራቀመ ይወጣል። በ1970ዎቹ የባልቲክ ባሕር ሴት አቆስጣዎች ማሕፀናቸው እየተደፈነ መውለድ አቅቷቸው ነበር። ዛሬ እነሱም ንስሮቹም ቁጥራቸው ተመልሷል፤ እገዳው ፍሬ ማፍራቱን መካድ አይቻልም። ግን የስዊድን መንግሥት ዛሬም ሕፃናትና ልጅ ለመውለድ የደረሱ ሴቶች ከባልቲክ የተያዘ ሄሪንግና ሳልሞን በዓመት ከሁለት ሦስት ጊዜ በላይ እንዳይበሉ ይመክራል። አምሳ ዓመት ያለፈው እገዳ እስካሁን የምግብ ገበታ ላይ አልደረሰም።

ሪንከቢን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ስዊድን ከ1965 እስከ 1974 ባሉት ዐሥር ዓመታት አንድ ሚሊዮን መኖሪያ ቤቶች ሠራች። ያኔ የሕዝቧ ቁጥር ስምንት ሚሊዮን ገደማ ነበር። ሪንከቢ፣ ተንስታ፣ ሁስቢ፣ ማልሞ ውስጥ ሮሴንጎርድ፤ ሁሉም የዚያ «የሚሊዮን ፕሮግራም» ልጆች ናቸው። ፍጥነቱ የመጣው ከተገጣጣሚ ገበታ ነው፣ ገበታው ማሸጊያ ይጠይቃል፣ የማሸጊያው የፒሲቢ ዘመን ደግሞ ከ1956 እስከ 1973 ነው። ሁለቱ ዘመናት ገጠሙ። ቤቶቹን በመጀመሪያ የገቡባቸው የስዊድን ሠራተኞችና የፊንላንድ ስደተኞች ነበሩ። እነሱ እየለቀቁ ሲሄዱ ቱርኩ፣ ሶማሌው፣ ኤርትራዊው፣ ኢትዮጵያዊው ገባ። ከደርግ ሸሽተው የመጡ የእኛ ሰዎች የመጀመሪያ አድራሻ ብዙ ጊዜ ከእነዚህ ሰፈሮች በአንዱ ነው። እገዳው ሲወጣ ስዊድንን በካርታ እንኳ ያላዩ ሰዎች የእገዳውን ውዝፍ ተረከቡ።

በዚያው በጋ ከእነዚህ ሕንፃዎች በአንዱ የሚኖሩ አንዲት እናት ቡና ላይ ተቀምጬ ነበር። መስኮቱ ታሽጓል፤ ከውጪ የመምጠጫው ጩኸት ይሰማል፤ የዕጣኑ ጭስ መውጫ አጥቶ ቤቱን ሞልቶታል። ከደረጃው መግቢያ የተለጠፈውን ማስታወቂያ የልጅ ልጃቸው አንብባላቸዋለች።

«እንዴት ነው ነገሩ፣ ልጄ?» አሉኝ ስኒውን እያቀበሉ። «እነሱ ለአንድ ሳምንት ለመንካት እንዲህ ተሸፋፍነው ይመጣሉ። እኔ እዚሁ ሆኜ ስንት ልጅ አሳደግሁ?»

«እርስዎ የሚተነፍሱት ትንሽ ነው፣ እማማ። እነሱ ሲቆርጡት ነው አቧራው የሚበዛው» አልኳቸው።

«ትንሽ» አሉ፤ ጀበናውን አስቀመጡ። «ትንሹን ማን ለካው?»

ጥያቄያቸው ትክክል ነበር፤ መልስም አለው። ከሁሉ ግልጽ የሆነው የመጣው ከዴንማርክ ነው። ከኮፐንሃገን ወጣ ብሎ ፋሩም ሚድትፑንክት የተባለ ትልቅ የአፓርታማ ግቢ አለ። የግቢው ከፊል ሕንፃዎች ፒሲቢ ባለበት ማሸጊያ ተሠርተዋል፤ የቀሩት አልተሠሩበትም። ኪራዩ ያው፣ ሰፈሩ ያው፣ ሰዉ ያው። ተመራማሪዎች የሁለቱን ወገን ነዋሪዎች ደም አወዳድረው በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ ፒሲቢ ባለባቸው ቤቶች የሚኖሩት ደም ውስጥ ያለው መጠን ከሌሎቹ አራት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። የስዊድን ጥናቶችም ወደዚያው ያመላክታሉ፤ በተለይ ክሎሪናቸው አነስ ያለና በቀላሉ የሚተኑት የፒሲቢ ዓይነቶች በነዋሪዎቹ ደም ከፍ ብለው ይታያሉ።

ይህ ማለት እኚያ እናት በዚህ ይታመማሉ ማለት አይደለም፤ እዚህ ላይ ማጋነን ሌላ በደል ነው። በአብዛኛው ሰው አካል ውስጥ ያለው ፒሲቢ የገባው ከምግብ፣ በተለይ ከዓሣና ከእንስሳት ስብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2013 ፒሲቢን ሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ በተረጋገጠው የመጀመሪያ ምድብ አስገብቶታል፤ ምድቡ ግን ማስረጃው ምን ያህል ጽኑ እንደሆነ እንጂ በአንድ ክፍል አየር ውስጥ ያለው መጠን ምን ያህል እንደሚጎዳ አይናገርም። ለዚህ ጀርመን በ1994 መስመር አስምራለች፤ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ300 ናኖግራም በታች ከሆነ የሚታለፍ፣ ከ3000 በላይ ከሆነ ቶሎ እርምጃ የሚወሰድበት። ናኖግራም የግራም ቢሊዮንኛ ነው። ኮፐንሃገን አጠገብ ብሮንድቢ ስትራንድ ውስጥ አምስት ረጃጅም ሕንፃዎች ብክለታቸው ስለከፋ ነዋሪዎቹ እንዲወጡና ሕንፃዎቹ እንዲፈርሱ ተወሰነ። ማጽዳቱ ያልተቻለው ማሸጊያውን ማውጣት ስላቃተ አልነበረም። ፒሲቢው ወደ ቀለሙ፣ ወደ ወለሉ፣ ወደ በሩ ሁሉ ገብቶ እያንዳንዱ ነገር በተራው ምንጭ ስለሆነ ነው። ዴንማርኮች ባዶ አፓርታማዎችን በማሞቂያ አግለው መርዙን ለማስወጣት እስከመሞከር ደርሰዋል።

የስዊድን መንገድ ይበልጥ ቀዝቃዛና ሥርዓታዊ ነው፤ እኔ በበኩሌ አደንቀዋለሁ። በ2007 የወጣው ደንብ ከ1956 እስከ 1973 የተገነባ ወይም የታደሰ ሕንፃ፣ ከአነስተኛ የግል ቤቶች በቀር፣ እንዲመረመር አዘዘ። የሚመረምረውም የሚከፍለውም ባለቤቱ ነው፤ የታመመ ተከራይ ቀርቦ እስኪያስረዳ አይጠበቅም። በአንድ ኪሎ ማሸጊያ ከ500 ሚሊግራም በላይ ፒሲቢ ከተገኘ፣ እንደ ሕንፃው ዘመንና ዓይነት እስከ 2014 ወይም እስከ 2016 እንዲወጣ። የተለቀመው ከረጢት ወደ ኩምላ ከተማ ተወስዶ ከ1100 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ይቃጠላል። ከዚያ ያነሰ እሳት ፒሲቢን ሙሉ በሙሉ ላያጠፋው ይችላል፤ ይባስ ብሎ ከእሱ የከፉ ውህዶች ሊያስወጣ ይችላል።

ደንቡ ቀዳዳ አለው። ከ50 እስከ 500 ሚሊግራም ያለበት ማሸጊያ ሕንፃው እስኪታደስ ወይም እስኪፈርስ እንዲቆይ ተፈቅዷል። ከ1956 በፊት ተሠርቶ ኋላ መስኮቱ ብቻ የተቀየረውን ማን ያስታውሳል? ቢሆንም ተቆጥሯል፣ ተመዝግቧል። ከማይቆጥሩት አገሮች ጋር ሲነጻጸር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ኢትዮጵያ የስቶክሆልምን ስምምነት ያጸደቀችው በ2003 ነው፤ የ2025ና የ2028 ቀኖች እሷንም ይመለከታሉ። የእኛ ችግር በዋናነት ማሸጊያው ሳይሆን ዘይቱ ነው፦ አሮጌ ትራንስፎርመርና ካፓሲተር። ትራንስፎርመር ሲወገድ የሚፈለገው መዳቡ ነው። መዳቡን ለማውጣት ዘይቱ ይፈስሳል፣ የሚፈስሰውም ብዙ ጊዜ መሬት ላይ ነው። አዲስ አበባ በየቦታው አሮጌ ሕንፃ በምታፈርስበት በዚህ ዘመን ከ1980 በፊት የተሰቀለ የፍሎረሰንት መብራት ዕቃ ከፍርስራሹ ጋር ይወርዳል። ቆራሌው ያነሣዋል፣ ምናለሽ ተራ ይደርሳል፣ ይቀጠቀጣል። ውስጡ ያለችው ትንሽ የካፓሲተር ቆርቆሮ ፒሲቢ ትያዝ አትያዝ በዓይን አይለይም። ስዊድን ሕንፃ ከማፍረስ በፊት ውስጡ ያለውን አደገኛ ነገር ዘርዝሮ ማውጣትን ግዴታ አድርጋለች። ይህን ለመቅዳት የኩምላን ያህል ምድጃ አያስፈልግም፤ አንድ ቅጽና አንድ የሠለጠነ ሰው ለመጀመር ይበቃሉ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚያስደነግጠኝ የተወሰደው አይደለም፤ የተተካበት ነው። ፒሲቢ ሲታገድ ማሸጊያውን የሚያለሰልስ ሌላ ዘይት ተፈለገ፤ ከተገኙት አንዱ ክሎሪን የተጨመረበት ፓራፊን ነበር። እሱም ክሎሪን አለው፣ እሱም አይበሰብስም፣ እሱም በስብ ውስጥ ይጠራቀማል። በማሸጊያ፣ በቀለም፣ በፕላስቲክ የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ ውስጥ ገባ። የሰንሰለቱ አጭር የሆነው ዓይነት በ2017፣ መካከለኛ የሆነው ደግሞ በ2025፣ ፒሲቢ ባለበት በዚያው የስቶክሆልም ዝርዝር ውስጥ ተመዘገቡ። እስከዚያ ድረስ ግን የእነዚህ ፓራፊኖች የዓለም ምርት በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ቶን አልፏል። ያ መጠን ዓለም በግማሽ ምዕተ ዓመት ካመረተው ጠቅላላ ፒሲቢ ጋር ይቀራረባል። ከ1973 በኋላ የተሠራ ሕንፃ ግን በዚያ የ2007 የስዊድን ደንብ አይመረመርም።